የወለቃ ሸክላና ገዢዎቹ

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም ጎንደርን መናገሻ ሲያደርጉ ድንጋይ የሚጠርብ፣ ኖራ የሚያቦካ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በብዛት ያስፈልጋቸው ነበር። ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የአባታቸው የዐፄ ሱስንዮስ ሠራዊት የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑትን የቤተ እስራኤሎች መሪ ጌዴዎንን ስሜን ላይ ገድሎ፣ የዚያን ሕዝብ የረጅም ዘመን ነጻነት አክትሞታል። የተሸነፈ ሕዝብ ርስቱን ያጣል፤ ርስት ላጣ ሰው የሚቀረው እጁ ነው። አዲሱ ከተማም የሚፈልገው ይህንኑ እጅ ነበር። ቤተ እስራኤሎች ወደ ጎንደርና አካባቢዋ ተሰባስበው ግንበኛ፣ አናጢ፣ አንጥረኛ፣ ሸማኔ ሆኑ። ዛሬ ጎብኚ አንጋጦ ከሚያያቸው የፋሲል ግቢ ግንቦች ብዙዎቹ በእነርሱ እጅም እንደተሠሩ የማኅበረሰቡ የቃል ታሪክ አጥብቆ ይናገራል፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦችም ግንበኝነትን የእነርሱ ሙያ አድርገው ጽፈውታል።

በ1660 ዓ.ም በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ፍራንኮቹ፣ ማለትም ካቶሊክ አውሮፓውያንና ዘሮቻቸው፣ ከአገር እንዲወጡ፣ እስላሞችና ቤተ እስራኤሎች ደግሞ ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ወሰነ። ቤተ መንግሥቱ እጃቸውን ፈልጎ ጉርብትናቸውን አልፈለገም ማለት ነው። ያም ሆኖ ነገሥታቱ እስከገነቡ ድረስ ባለእጁ ጥሩ ደንበኛ ነበረው። ከፋሲል እስከ እቴጌ ምንትዋብ ድረስ ግንብ ሲነሣ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲተከል ሥራ አልጠፋም፤ የግንበኞቹ አለቆች ማዕረግም መሬትም እንዳገኙ ይነገራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ይህ ሁሉ ሙያ የተሠራው ለሌላ ሰው እምነት፣ ለሌላ ሰው ክብር ነው። ኦሪትን የሚጠብቅ ግንበኛ መስቀል የሚቆምበትን ጉልላት ሲያነሣ ከልቡ ይሠራው እንደሆነ የጠየቀው የለም። ግንቡ ግን እስካሁን ቆሟል።

በ1761 ዓ.ም ገደማ ዘመነ መሳፍንት ሲገባ ትልቁ ገዢ ጠፋ። የሚገነባ ንጉሥ በሌለበት ግንበኛው ምን ይብላ? ብዙዎቹ በየገጠሩ ተበትነው ለባላገር ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡ፣ በጭሰኝነት የሚያርሱ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ገቢ በአብዛኛው በሴቶቹ ጭቃ ላይ ወደቀ። ከጎንደር በስተ ሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ወለቃ ከእነዚህ የሸክላ መንደሮች አንዷ ናት።

የሸክላ ሥራ መንኮራኩር የለውም፤ ያለው የሴት መዳፍና ጉልበት ነው። አፈሩ ተቆፍሮ ይመጣል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። ጭቃው እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ የተሰበረ ሸክላ ገል ተደቁሶ ይቀላቀልበታል፤ ያረጀው ማድጋ በአዲሱ ሆድ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሴትየዋ ጭቃውን እየጠፈጠፈች፣ እየደራረበች፣ ጎኑን በእርጥብ እጇ እየሳበች ታቆመዋለች። ጥቂት ጠንከር ሲል በለስላሳ ጠጠር ትወለውለዋለች። የሚያብለጨልጨው ወዝ የሚገኘው ከዚህ ውልወላ እንጂ ከቅብ አይደለም። ምድጃ የሚባል ነገርም የለም፤ በሜዳ ላይ ኩበት፣ እንጨትና ጭድ ተከምሮበት ይተኮሳል። ነበልባሉን አፍና በጭስ ብትይዘው ጥቁር ይወጣል፣ እንደ ልቡ ቢነድ ቀይ። ጀበና፣ ድስት፣ እንስራ፣ ጋን፣ ምጣድ፣ ሁሉም ከዚህ እሳት ነው የሚወጡት። ከእሳቱ መሀል ጠሽ የሚል ድምፅ ከተሰማ ደግሞ የስንት ቀን ድካም ገል ሆነ ማለት ነው።

ይህን ሸክላ ገበያ ላይ የሚገዛው ክርስቲያን ገበሬ ሠሪዋን ይፈራት ነበር። ጠይብ ቡዳ ነው ይላል፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ መቃብር ይቆፍራል፣ በዓይኑ ልጅ ይበላል ይላል። ቤተ እስራኤሎቹ በበኩላቸው በመንጻት ሥርዓታቸው ምክንያት ሌላውን ስለማይነኩ «አትንኩኝ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ከገበያ ሲመለሱም ገላቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ነበር ወደ መንደራቸው የሚገቡት። ሁለቱ ወገኖች እንዲህ ተራርቀው ሳለ ወጡ የሚወጠወጠው በእርሷ ድስት፣ ኋላም ቡናው የሚፈላው በእርሷ ጀበና ነበር። ስለ ሥነ ጥበብና ስለ ገበያ የሚከራከር ሰው ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል። የሸክላ ሠሪዋ ምርጥ ሥራ፣ በዘመዶቿ መሀል የተወለደው ንጹሕ የሚባለው ጥንታዊ ዕቃ ሁሉ፣ ለሚጠላት ገዢ የተሠራ ሸቀጥ ነበር። ጀበናው ያማረው ገዢዋ ስለወደዳት ሳይሆን፣ ካላማረ ስለማይሸጥ ነው።

19ኛው ክፍለ ዘመን ሌላ ዓይነት እንግዳ አመጣ። በ1852 ዓ.ም ሄንሪ ስተርን የተባለው ሚሲዮናዊ ሊያጠምቃቸው መጣ። በ1860 ዓ.ም ደግሞ ከፓሪስ አይሁዶች ተልኮ ጆሴፍ ሃሌቪ ወንድሞቻችሁ ነን ሊላቸው መጣ። ሁለቱም የፈለጉት ነፍሳቸውን ነበር፤ ጭቃውን ብዙም ያየላቸው የለም። በ1880 ዓ.ም የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ። ተከትሎ የመጣው ክፉ ቀን ከብቱንም ሰውንም ጨረሰ፤ ቤተ እስራኤሎች ከዚያ ረኃብ በፊት የነበራቸውን ቁጥር ለረጅም ጊዜ መልሰው አላገኙም።

በ1896 ዓ.ም ዣክ ፋይትሎቪች ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። እርሱ ወጣቶችን እየመረጠ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ለትምህርት ይልክ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ዮና ቦጋለ ነው፤ ወለቃ ተወልዶ አውሮፓ የተማረ፣ ኋላም የማኅበረሰቡ አፈ ጉባኤ የሆነ ሰው። በእርሱና በመሰሎቹ በኩል የውጭው ዓለም አይሁድ ስለ ጎንደር መንደሮች መስማት ጀመረ፤ መንደሮቹም ውጭ አገር ያለው ወገን አይሁዳዊ የሚለው ነገር በምን እንደሚታወቅ ተማሩ። ባለ ስድስት ማዕዘኑ የዳዊት ኮከብ ከዚህ ትምህርት ጋር ነው የማንነት ምልክት ሆኖ የገባው። ቅርጹ ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም፤ በቤተ ክርስቲያኑም በግንቡም ይታያል። የመስጊዱ፣ ማለትም የቤተ እስራኤሎች ጸሎት ቤት፣ መለያና የሕዝቡ ዓርማ መሆኑ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው።

ጣልያን ደግሞ መንገድ አመጣ። ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም ጎንደርን የሥልጣኑ መቀመጫ አድርጎ ፒያሳውን ሲሠራ፣ ወደ ሰሜንም በደባርቅ አድርጎ ሊማሊሞን የሚወርደውን ወደ አስመራ የሚሄድ የመኪና መንገድ ቆረጠ። መንገዱ በወለቃ በኩል ነው የሚያልፈው። ለወለቃ ዕጣ ፈንታ ከሚሲዮናዊውም ከምሁሩም ይልቅ ይህ መንገድ ሳይበልጥ አይቀርም፤ የገበያ ቀን ጠብቃ እንስራ በጀርባዋ ተሸክማ ከተማ ትወጣ የነበረችው ሴት፣ ገዢ በመኪና ደጇ ድረስ መጥቶ የሚቆምላት ሆነች።

ገዢው በእርግጥ የመጣው በ1950ዎቹ ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝም ድርጅቱን አቋቁመው «የ13 ወር ጸጋ» የምትባለውን አገር ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በአንድ ታሪካዊ መስመር አሰራቸው። ጎብኚው ፋሲል ግቢን ጠዋት አይቶ ከሰዓት በኋላ የሚያየው ይፈልጋል። ወለቃ ቅርብ ናት። ነገር ግን አውሮፕላን ተሳፍሮ የመጣ ሰው እንስራ ይዞ አይመለስም።

እዚህ ጋ ነው ትንንሾቹ ምስሎች የመጡት። በእጅ መዳፍ የምትገባ ሴት እንስራ ተሸክማ፤ እናት ልጇን አዝላ፤ ቄስ ኦሪቱን በደረቱ ይዞ፤ አንበሳ ጀርባው ላይ ኮከብ ተለጥፎበት። ጭቃው ያው ጭቃ፣ እሳቱም ያው እሳት ነው። ዓይኑ በስንጥር ጫፍ ይወጋል፣ ሹሩባው በስንጥር ይቆነደዳል፤ ከዚያ በጠጠር ተወልውሎ፣ ከጀበናው ጎን ተደርድሮ ይተኮሳል። ሁሉም ዘንድ የታወቀው ግን ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ አንድ አልጋ ላይ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ተኝተው፣ ሁለት ራሶች ብቻ ብቅ ብለው የሚታዩበት ነው። ቀልድም አለው፣ ድፍረትም አለው። ስንት ሰው በኪሱ ይዞት ወደ አገሩ እንደተመለሰ እግዜር ይወቀው።

አሁን ነገሩን በጥንቃቄ እንየው። ኦሪት የተቀረጸ ምስል አታድርግ ትላለች። የቤተ እስራኤል መስጊድ ሥዕል የለውም፤ የግእዝ መጻሕፍታቸውም እንደ ጎንደር አድባራት ድርሳናት በሥዕል ያሸበረቁ አይደሉም። ታዲያ ሥዕል አልባ ከሆነ ሃይማኖት የወጣች ሴት ቄሷን በጭቃ ስትቀርጽ ምን ማለት ነው? የሰሎሞንና የሳባ ታሪክም ቢሆን በዚያ መልኩ የክብረ ነገሥት፣ ማለትም የክርስቲያን ነገሥታቱ የዘር ሐረግ ነው። እርሷን ርስት የነሳት መንግሥት ሥልጣኑን የመሠረተበት ታሪክ ነው። ገዢው ግን ከአዲስ አበባ ሲመጣ ያንን ታሪክ በሸራ ተሥሎ አይቷል፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የሳባን ጉዞ በትንንሽ ሣጥኖች እየከፋፈሉ ለውጭ ዜጎች ሲሸጡ ኖረዋል። ያየውን ፈለገ፤ የፈለገውን ሠራችለት።

የጥበብ አዋቂ ነን ባዮች ይህን ዘመን «ጥንታዊው ጥበብ በቱሪስት ገንዘብ የተበላሸበት» ይሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሒሳቡን ከሴትየዋ ወገን ሆኖ ለሚያይ ጉዳዩ ቀላል ነው። እንስራ ብዙ አፈር፣ ብዙ ኩበት፣ ብዙ ቀን ይበላል፤ ከተሰነጠቀ ሁሉም ይጠፋል። ምስሏ ከአንድ እፍኝ ጭቃ ትወጣለች፣ እሳት ላይ ብዙም አትሰበርም፣ ዋጋዋም ለድካሟ ይሻላል። ሌላም ነገር አለ። ጀበና የሚገዛው ሰው ሠሪዋን ሲፈራ፣ ምስል የሚገዛው ፈረንጅ ግን እርሷን ራሷን ሊያይ ከሩቅ አገር መጥቷል። በእንስራው ዘመን አንድም ጊዜ ራሷን ቀርጻ አታውቅም። ገበያው ሲጠይቃት ነው እናቷን፣ ጎረቤቷን፣ ቄሷን በጭቃ ያቆመችው። ከእነዚያ ምስሎች ውስጥ በችኮላ የተጠፈጠፉ፣ ፊታቸው የማይለይ ብዙ አሉ፤ አንዳንዶቹ ግን አንገታቸውን ያዘነበሉበት መንገድ ብቻ ሰው አይቶ የማያልፈው ነው። ሁለቱም የተሠሩት ለአንድ ገዢ፣ በአንድ ዋጋ ነው።

በዚያው ዘመን በካናዳ ሰሜን ዋልታ ተመሳሳይ ነገር ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ. በ1948 ጄምስ ሂዩስተን የሚባል ሠዓሊ ኢኑይቶች ዘንድ ሄዶ ትንንሽ የድንጋይ ቅርጾቻቸውን አየ፤ በቀጣዩ ዓመት ሞንትሪያል ላይ ለሽያጭ ቀረቡ። ለደቡቡ ገዢ ሲባል ቅርጾቹ እየተለቁ ሄዱ። የሚለየው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የካናዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1958 ዕቃው በእርግጥ የኢኑይት እጅ ሥራ መሆኑን የሚመሰክር መለያ አወጣ፤ ቀራጮቹ በስማቸው ታወቁ፣ ሙዚየም ገቡ፣ ዋጋቸውም አብሮ ወጣ። ወለቃ ላይ የሴትየዋን ስም የጠየቀ አልነበረም። ጎብኚው ገዝቶ ሲሄድ የያዘው «ፈላሻ» የሚለውን የአንድ ሕዝብ ስም ነው፣ ያም ሕዝቡ ራሱን የማይጠራበት።

አብዮቱ ሲፈነዳ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ደረሰ። በየካቲት 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ ቤተ እስራኤሎች ከስንት መቶ ዓመት በኋላ የሚያርሱት መሬት ባለይዞታ ሆኑ። በእስራኤል ደግሞ ዋናው ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1965 ዓ.ም አይሁድ ናቸው ብለው ስለፈረዱ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አይሁድ ወደ እስራኤል ገብተው እንዲኖሩ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ እነርሱንም አካተተ። ከዚያ ወዲህ ወለቃ የሚደርሰው አይሁዳዊ ጎብኚ ምስሉን የሚገዛው ለመታሰቢያ ብቻ አልነበረም፤ ዘመድ እንደመርዳት ያየው ነበር። ኮከቡም በዚያው ልክ በዛ። ኦርት የሚባለው የአይሁድ ድርጅት በጎንደር ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤትና የልማት ሥራ ይዞ ቆይቶ በ1973 ዓ.ም በመንግሥት ትእዛዝ ሥራው ተቋረጠ። ደርግ ጎብኚውን በዓይነ ቁራኛ እያየ ነበር መንደር የሚያስገባው። ሽያጩ ግን ቀጠለ፤ ከጭቃ አንበሳ ውስጥ ፖለቲካ የሚፈልግ ካድሬ ገና አልመጣም ነበር መሰለኝ።

ከዚያ መንደሩ ባዶ ሆነ። በመጀመሪያ በእግር፣ በሌሊት፣ በሱዳን በኩል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም በተደረገው የሙሴ ዘመቻ 8 ሺህ ያህል ሰው ከሱዳን ወደ እስራኤል ተወሰደ፤ በመንገድና በመጠለያ ካምፕ ያለቀው 4 ሺህ ይደርሳል ይባላል። ቀጥሎ በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም፣ ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጫነ። ወለቃ ላይ የቀረው መስጊዱ፣ መቃብሩ፣ የአፈር መቆፈሪያው ጉድጓድና ጎረቤቱ ነው።

ጎብኚ ግን መምጣቱን አላቆመም። ከ1983 በኋላ አገሩ ሲረጋጋ ቁጥሩ ጨመረ፤ ለዓመታት መንገዱ ዳር ቆሞ የኖረው የእንግሊዝኛ ሰሌዳም «የፈላሻ መንደር» እያለ ይጠራው ነበር። መኪና ሲቆም ሕፃናት ምስሎቹን በእጃቸው ይዘው ይሮጡ ነበር፤ አንበሳ፣ ኮከብ፣ ሰሎሞንና ሳባ በብርድ ልብስ። የሠሯቸው ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። ከሄዱት ጎረቤቶቻቸው እያዩ የተማሩ፣ ወይም ከተማሩት የተማሩ። ከመንደሩ ጎን ፕላውሼር የተባለ የሴቶች የእጅ ሥራ ማሠልጠኛም ተቋቁሞ ችግረኛ ሴቶች ሸክላ፣ ስፌትና ሽመና እንዲማሩ አድርጓል፤ ከዚያ የሚወጣው ጥቁር ሸክላ በንጽሕናው ከመንገድ ዳሩ የተሻለ ነበር።

እና እነዚህ ኮከቦች ውሸት ናቸው? ሙያው አይዋሽም። ቡዳ እየተባለ ሰው የሚሸሸውን ጭቃ ዛሬ ክርስቲያን ሴት በአደባባይ ስትጠፈጥፍ ማየት በራሱ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ይህን ያደረገው ስብከት ሳይሆን ገንዘብ ነው። የዋሸው ሰሌዳው ነው። የሄደ ሕዝብ እዚያ እንዳለ አስመስሎ፣ ያሉትን ሴቶች ደግሞ እንደሌሉ አድርጎ ደበቃቸው። ገዢው የሌለችውን ሴት ሥራ የገዛ መስሎት ሲሄድ፣ ያለችው ሴት ሌላዋን ሆና መሸጥ ግድ ሆነባት። የራሷን ነገር ብትሠራ ማን ይገዛታል? በዓሏን፣ ቤቷን፣ የሰፈሯን ሰው በጭቃ ቀርጻ ከኮከቡ ጎን ብታስቀምጥ ጎብኚው «ይሄ የእነርሱ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል።

በእስራኤል በኩል ያለው ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው። እዚያ የደረሱት ሸክላ ሠሪዎች እንስራ የሚገዛ ጎረቤት የላቸውም፤ ውኃ ከቧንቧ ይመጣል። አንዳንዶቹ ግን የጥበብ ማዕከላት ውስጥ ተቀምጠው፣ ከሱቅ በተገዛ ጭቃ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ እያቃጠሉ፣ ትተውት የመጡትን መንደር ሰው መቅረጽ ቀጠሉ። ያው እናት ልጇን ያዘለች፣ ያው ሴት እንስራ የተሸከመች። ወለቃ ላይ የቱሪስት ዕቃ የነበረው እዚያ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ገባ፣ የትውስታ ሥራ ተባለ። እጁ አንድ ነው፣ ቅርጹም አንድ ነው። የተለወጠው መደርደሪያውና ከሥሩ የተጻፈው ስም ነው።

ወለቃ ያለፉትን ዓመታት በችግር ነው ያሳለፈችው። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ጎብኚውን አስቀረ፤ በዓመቱ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዱን ዘጋው። ምስሎቹን የሚገዛ ጠፋ። የሚሸጠው ተመልሶ ጀበናው ሆነ። ዛሬም የጎንደር ሰው ያለ ቡና አይውልም፤ ፕላስቲኩ እንስራን፣ አሉሚኒየሙ ድስትን ቢተካም ጀበናን የተካ አልተገኘም።

ሰላም ወርዶ መንገዱ ሲከፈት ጎብኚ እንደገና ይመጣል። ያን ጊዜ አዲስ ሰሌዳ የሚያጽፈው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ይሁን የከተማው አስተዳደር፣ እባካችሁ እውነቱን አጽፉ፤ ይህ የቤተ እስራኤሎች መንደር ነበር፣ ሸክላውን ዛሬ የሚሠሩት ደግሞ እነዚህ ናቸው በሉ። ሴቶቹም ጭቃው ሳይደርቅ፣ ከምስሉ ሥር፣ በስንጥር ጫፍ ስማቸውን ይጻፉበት።